መስመሩ ላይ ያረፉት

ባለፈው ሳምንት ጳውሎስ አካባቢ ዓይኔን ልመረመር ሄጄ መሣሪያው ላይ ጎንበስ ስል፣ ወጣቷ ሐኪም «አባባ፣ አንዱን ዓይንዎን አልጨፈኑም እኮ፤ ማን አስተማረዎት?» አለችኝ። በደርግ ጊዜ እዚሁ ጉለሌ በማይክሮስኮፕ የሐይቅ ውኃ ስቆጥር ነው አልኳት። ውኃ ይቆጠራል እንዴ ብላ ሳቀች።

የሚቆጠሩት በውኃው ውስጥ ያሉት ናቸው። ፕላንክተን የሚባሉ ደቃቅ ነፍሳት እንዳይበሰብሱ ፎርማሊን በሚባል መርዝ ተገድለው ከዝዋይ ሐይቅ በጠርሙስ ይመጡልን ነበር። የምንሠራው ከቁስቋም የሚወርደው ነፋስ ጣሪያውን በሚያንኳኳው የቆርቆሮ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ያኔ ግጥምን በራሴ የተማርኩ፣ መቀመጥ የማልወድ ጎረምሳ ነበርኩ፤ በቆጠራ ቅጹ ጀርባ ስንኝ እሞነጭራለሁ።

አለቃችን ወይዘሮ ስንዱ፣ ቆጠራዬ ከባልደረባዬ ከሰይድ ቆጠራ ጋር ከገጠመ ቅዳሜ ሐይቁ ድረስ እንደሚወስዱኝ ነገሩኝ። የባለሱቅ ልጅ የሆነው ሰይድ በቆጠራ አይታማም። እኔ ደግሞ ሐይቅ አይቼ አላውቅም፤ የማውቀው ትልቅ ውኃ ክረምት ላይ የሚሞላውን የሰፈራችንን ወንዝ ነው።

የእኔ ቁጥር ግን ሁልጊዜ ይበልጥ ነበር። ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ ስንዱ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ፊታቸው አስቆጠሩኝ። ናሙናው የሚፈስበት መስታወት እንደ ሒሳብ ደብተር በካሬ የተከፋፈለ ነው። የላይኛውንና የግራውን መስመር የነካ ይቆጠራል፤ የታችኛውንና የቀኙን የነካ ለጎረቤቱ ካሬ ይተዋል። ደንቡን አውቀዋለሁ። ግን ግማሽ አካሉ እዚህ ያለውን ዘልሎ ማለፍ ጭካኔ መስሎኝ፣ መስመር ላይ ያረፈውን ሁሉ እቆጥር ነበር።

«ይሄኛውን ለምን ቆጠርከው?» አሉኝ።

«አሳዘነኝ።»

ሰይድ ቀና ሳይል፣ «ሁለት ቀበሌ አስመዝግቦት ነው፤ ስኳር ሁለት ጊዜ እንዲያወጣ» አለ።

ወይዘሮ ስንዱ መጀመሪያ በሩን አየት አደረጉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። ዓርብ ከሥራ እስክንወጣ የሳምንቱን ስድስት ጠርሙስ በሙሉ በደንቡ ከደገምኩ እንደምሄድ ነገሩኝ። አንዲት ስንኝ ሳልጽፍ ቆጠርኩ። ሰይድ ቅጾቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ በጣቱ እየተከተለ ወረደና፣ «በቃ፣ ጃኬት ያዝ፤ ሐይቁ ላይ ነፋስ አለ» አለኝ።

ቅዳሜ በሞጆ በኩል ወረድን። መቂ ላይ ቲማቲም በጨው እየገመጥን አለፍን። ሐይቁን ሳይ ለካ ወዲያ ማዶ አይታይም። ጀልባ ላይ ሆኜ እንደ ካልሲ የተሰፋውን ስስ መረብ ወደ ውኃው ለቀቅሁት፤ ስቤ በጠርሙስ ገለበጥኩና ወደ ፀሐይ አነሳሁት። ነጫጭ ነጥቦች ይዘላሉ። ቀጥ ብለው ይቆሙና ደግሞ እመር ይላሉ። ስንት ወር ሙሉ ስቆጥራቸው፣ የሚዘሉ መሆናቸውን አላውቅም ነበር።

ወይዘሮ ስንዱ ፎርማሊኑን አቀበሉኝ።

«ትንሽ ብናቆያቸውስ?» አልኩ።

ጠርሙሱን ተቀብለው እሳቸውም ወደ ፀሐይ አነሱት። «እኔም የመጀመሪያ ቀን እንዲሁ ብያለሁ» አሉ። ቀዛፊው ሳይቀር መቅዘፊያውን አስቀምጦ አንገቱን አሰገገ።

ሰኞ ያንን ጠርሙስ በደንቡ ቆጠርኩት፤ ስንት እንደወጣ ረስቻለሁ። የዚያን ዘመን ግጥሞቼን ሳነብ ደግሞ አፍራለሁ፤ አብዛኛው ያላየሁትን የጻፍኩት ነው። ዛሬ ወረቀት ፊት ስቀመጥ፣ ነገሩን በሕይወት እያለ አይቼው እንደሆነ መጀመሪያ ራሴን እጠይቃለሁ። ካላየሁት ተነስቼ ኮቴን እደርብና እወጣለሁ።