ስሙ እንዳይጠራ የተባለው ልጅ

የሎተሪ መኪና ሞንታርቦውን እያስጮኸ በአዳማ ሰፈራችን ባለፈ ቁጥር አባዬ ፊቴ ድቅን ይላል። በወጣትነቱ ለብሔራዊ ቡድን ከተሰለፉት ቀደምቶች አንዱ ነበር፤ ጉልበቱ ከተሰበረ በኋላ በከተማችን ሜዳ ጨዋታ በሞንታርቦ ያስተላልፍ ጀመር።

በደርግ ጊዜ ነው። አንድ እሁድ፣ ጨዋታ ሊጀመር ሲል የቀበሌያችን ሊቀመንበር ወደ አባዬ መጣ። የአጥቂያችን የቶሎሳ ወንድም በዚያ ሳምንት ታስሮ ነበር።

«የዚያን ልጅ ስም እንዳትጠራ፤ ወንድሙ ፀረ አብዮት ነው» አለው።

አባዬ በላብ የራሰ ኮሌታውን አቃንቶ «እሺ» አለ። እኔ ሴት ልጁ አፈርኩበት።

ቶሎሳ አቧራውን እያቦነነ ኳሷን ሲነዳ ሞንታርቦው አገሳ፦ «ስሙን እንዳልጠራ የታዘዝኩት ልጅ አንዱን አለፈ! ስሙን እንዳልጠራ የታዘዝኩት ልጅ በረኛውንም አለፈ! አገባ! ማነው ያገባው?»

«ቶሎሳ!» አለ ሜዳው በሙሉ።

ሊቀመንበሩ ጠመንጃ ያዦቹን አስከትሎ መጣ። አባዬ እያነከሰ ተነሳ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ መቼ ጠራሁት? የጠራው ሰፊው ሕዝብ ነው!»

ይዘውት ሄዱ።

ዛሬም ያ መኪና ሲያልፍ መስኮቴን እከፍትና ከሞንታርቦው በላይ «ቶሎሳ!» ብዬ እጮኻለሁ። ጎረቤት አበደች ይበል።