ለመፈክር ያነሰችው ጀልባ

ባለፈው ሳምንት የታናሽ እህቴ ልጅ ናታን ስልኩን እየነካካ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ባቱ ሐይቅ ዳር ባለ መዝናኛ ውስጥ ይሠራል። ከጓደኞቹ ጋር ሆነው ካያክ ሊያስመጡ ነው፤ አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥባትን፣ ሁለት ጫፏ የሾለውን ጠባብ ጀልባ።

«አክስቴ፣ ረጅሟ ወንዝ ለመውረድ ትሻላለች፤ አጭሯ ደግሞ ማዕበል ላይ ለመጫወት ነው የምትመቸው ይላሉ። እኔ ሁለቱንም ነው የምፈልገው። የቷን ልውሰድ?»

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም ነበር። ስለ አጎቱ ስለ ታምራት የሚያውቀው ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ብቻ ነው። እኔ ግን ሳቄ መጣ፤ ደስ የማይል ሳቅ። ይህ ጥያቄ በቤታችን አንድ ጊዜ ተጠይቆ ነበርና። መልሱም በትክክል ተገኝቶ ነበር።

አባታችን እዚሁ ናዝሬት ለነበሩ ሚስዮናውያን ሾፌር ነበር። ከእነሱ መካከል ወንዝ የሚወድ አንድ አስተማሪ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀልባዎቹን ላንድሮቨር ላይ ጭነው አዋሽ ሲወርዱ ታላቅ ወንድሜ ታምራት አብሯቸው ይሄዳል። ዋናውንም ቀዘፋውንም የተማረው በዚያ ዕድሜው ነው። አብዮቱ ሲመጣ ፈረንጆቹ ሄዱ፣ ግቢያቸው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ፣ ሦስቱ ጀልባዎች ደግሞ ከጓሮው ማከማቻ ቀሩ። ዘበኛው የአባቴ ወዳጅ ስለነበር ታምራት አልፎ አልፎ እየወሰደ ይቀዝፍባቸው ነበር። እኛም ቀረን፤ «ጴንጤዎቹ» እየተባልን፣ መስኮት ዘግተን እየጸለይን። መዝሙር በሹክሹክታ ሲዘመር ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው።

ታምራት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲጨርስ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ተጀመረ። የደረሰ ወንድ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ሰላም አጣ። ማን እንደሚሄድ የሚወስነው ቀበሌው ነበር፤ በቀበሌው ውስጥ ደግሞ ሊቀመንበሩ። ታዲያ አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ታምራትን አስጠራው። ለአብዮት በዓል ከአዲስ አበባ የሚመጡ ትልልቅ እንግዶች ሶደሬ ይውላሉ፤ እያንዳንዱ ቀበሌ አንድ ትርኢት ማዘጋጀት አለበት።

«ከላይ ጀምረህ ወንዙን ትወርዳለህ» አለው። «እንግዶቹ ፊት ስትደርስ ማዕበሉ ላይ ትጫወታለህ፣ ትሽከረከራለህ። ካማረልን በስፖርት ቡድኑ ትታቀፋለህ። ስፖርተኛ ደግሞ አይዘምትም። ለእኛ የተፈቀደችው አንዲት ጀልባ ብቻ ናት፤ የቀሩት ወደ አውራጃው መጋዘን ይገባሉ። ሞክርና አንዷን ምረጥ።»

እናቴ ያን ቀን ተንበርክካ «ጌታ ሆይ፣ የምትሆነውን ጀልባ አሳየው» ብላ ስትጸልይ ሰማኋት። እግዚአብሔር ስለ ጀልባ ሲለመን ከኖኅ ወዲህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ገና ልጅ ነበርኩ፤ ነገሩ የወንድሜ ነፍስ መሆኑ በደንብ አልገባኝም።

አባታችን በዚያን ጊዜ ዓለም ጤና ከሚባለው ከተማ ሽንኩርት የሚያመላልስ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ነሐሴ ማለቂያ ላይ ሦስቱን ጀልባዎች በባዶ ጆንያ ሸፍኖ ጫነልንና ከሶደሬ ከፍ ብሎ ወዳለው የወንዙ ዳር ወረድን። ዝናቡ አባርቶ ነበር። አዋሽ ግን ሞልቶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ድንጋዮቹ መሀል እየፈላ ይወርዳል። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ፤ «አካም ጅርቱ» ብለን ሰላም ስንላቸው አንዷ የታምራትን አለባበስ አይታ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ውሃ እንዳይገባ ወገቡ ላይ የሚያስረው የላስቲክ ሽፋን ልክ ቀሚስ ይመስላል። «ሙሽሪት መጣች» እያልኩ እኔም አበሸቅሁት።

በመጀመሪያ በቀይዋ ገባ። ረጅም ናት፤ ጸጥ ባለው ውሃ ላይ ቀጥ ብላ ትበራለች። ማዕበሉ ጋ ስትደርስ ግን አፍንጫዋን ውሃው ውስጥ ቀበረች፤ ቢያዞራት ቢያዞራት አልዞር አለች፣ ገለበጠችው። ቀጥሎ በነጯ ወረደ። አጭርና ቀጭን ናት፣ እንደ ልቧ ትሽከረከራለች፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን ውሃው እስከ ደረቱ ዋጠው፣ ለጥ ባለው ቦታ ደግሞ እየቀዘፈ እየቀዘፈ አልገፋ አለችው። ደክሞት ወጣ። በዚህ መሀል አንድ ጦጣ ዳቦአችንን ነጥቆ ዛፍ ላይ ወጣ፤ አባባ በድንጋይ እያባረረው ሳለ ታምራት ቢጫዋን ይዞ ገባ።

ቢጫዋ መካከለኛ ናት። ሆዷ ሰፋ፣ አፍንጫዋ ቀና ያለ። ቁልቁለቱን ዝም ብላ ወረደችው። ማዕበሉ ላይ ሲያወጣት ቆመች፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ከዚያ ወገቡን ሰበር ሲያደርግ ወደ እኛ ዞረችና መቅዘፊያውን ከራሱ በላይ አንሥቶ ሳቀ። እስከ ዛሬ ወንድሜን ሳስበው የማየው ያንን ፊት ነው።

«ይቺ ናት! አባባ፣ ይቺ ናት!»

አባባ ብዙ አይናገርም። «ተመስገን፣ ተገላገልን» አለ። ስንመለስ መንገድ ላይ እሸት በቆሎ አስጠብሶ ገዛልን፤ ሽንኩርት ሽንኩርት በሚሸተው ጋቢና ውስጥ ተጣበን እየበላን ገባን። በዚያ ዓመት እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ምግብ አልነበረም።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ጀልባዋ ላይ መፈክር የሚጽፈውን ሰው ከነቀለሙ ይዞ ቀበሌው ግቢ ጠበቀን። ታምራት ቢጫዋን አሳየው። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ ጎኗን በስንዝር ለካ። ከዚያ ወደ ቀይዋ ሄዶ እሷንም ለካ።

«በቢጫዋ ላይ ‹ተፈጥሮን በቁጥጥር ሥር› ድረስ ብቻ ነው የሚገባው» አለ። «‹እናውላለን› የምትለው ትቀራለች። ቀይዋ ትሁን።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ፊደሉን አሳንሰው ቢጽፉትስ?»

«አብዮታዊ መፈክር በጉንዳን ፊደል ይጻፋል እንዴ? እንግዶቹ ከዳሱ ሆነው በምን ዓይናቸው ያነቡታል?»

«ቀይዋ ማዕበል ላይ አትዞርም፣ ጓድ። አፍንጫዋን ትቀብራለች። ትገለብጠኛለች፣ እውነቴን ነው።»

«አንተ ነህ የምትነዳት ወይስ እሷ ናት የምትነዳህ? ደግሞም ቀለሟ ራሱ የአብዮት ቀለም ነው። በቃ!»

ቢጫዋንና ነጯን ዓይናችን እያየ ወደ አውራጃው መጋዘን ጫኗቸው። ጸሐፊው የተዋጣለት ሰው ነበር፤ ነጭ ፊደሎቹ እውነትም ከሩቅ ይነበቡ ነበር።

በበዓሉ ቀን እንግዶቹ ዳስ ሥር ተቀምጠዋል፣ የኪነት ቡድኑ ይዘፍናል። ታምራት ከላይ ብቅ ሲል ሕዝቡ በጭብጨባ አቀለጠው። አወራረዱ ያምር ነበር። ዳሱ ፊት ለፊት ደረሰ፣ ቀይዋን ማዕበሉ ላይ አወጣት። ብታልፍስ፣ ዝም ብለህ ብትወርድስ እያልኩ በሆዴ ለመንኩት። ግን ተጫወት ተብሏል። አፍንጫዋን ቀበረች። መፈክሩ ውሃ ውስጥ ገባ፣ የጀልባዋ ሆድ ወደ እንግዶቹ ተገለበጠ። ተቃና፤ እንደገና ተገለበጠ። ከእንግዶቹ አንዱ ሳቀ። ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም፤ እኛን ግን ጨረሰን። ሊቀመንበሩን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«መፈክሩን ሆን ብለህ ነው የደፈቅኸው» አለው፣ ውሃው ገና ከጸጉሩ ሳይንጠፈጠፍ። «ጴንጤ!»

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ለውትድርና ወሰዱት። እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። ታምራት ጫማውን እያሰረ ቀና ብሎ አየኝ። «ሣርዬ፣ ቢጫዋ የት እንደገባች ጠይቂልኝ» አለኝ። ከእሱ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። ሰሜን ጦር ግንባር መላኩን ሰማን፤ ሌላ ምንም። መርዶው የመጣልን መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው።

ጠይቄለታለሁ። የአውራጃው መጋዘን ጣሪያው ሲያፈስ ቢጫዋን ቆራርጠው ቀዳዳውን ደፈኑባት አሉኝ። ቀይዋ ቀበሌው ግቢ ውስጥ ለከብት ውሃ መጠጫ ሆና ኖረች፤ ፊደሏ አልፎ አልፎ ይነበብ ነበር። ሊቀመንበሩም ለቅሶ ደረሰን። ድንኳናችን ውስጥ ተቀምጦ ንፍሮ ዘግኖ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። አባቴ «አሜን» ብሎ መለሰለት፤ እኔ ግን ተነሥቼ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያን ይቅር በይ ይሉኛል፣ እሺ እላለሁ። በአፌ ነው። ለአንዲት ቃል ቦታ ሲል አንድን ልጅ ለሞት የሰጠን ሰው እንዴት ይቅር ይሏል?

ለናታን ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። «መካከለኛዋን ውሰድ» አልኩት። «ሆዷ ሰፋ፣ አፍንጫዋ ቀና ያለችውን። ወንዙንም ታወርድሃለች፣ ማዕበሉም ላይ ትቆምልሃለች።»

ከየት እንዳመጣሁት ገርሞት ትንሽ አየኝና ስልኩ ላይ ጎርጎር አደረገ። ቢጫ አለች። ቢጫዋን መረጠ።

«አክስቴ፣ ጎኗ ላይ የፈለግነውን ጽፈው ይልካሉ። የአጎቴን ስም ላስጽፍባት?»

ልጁ ያሰበው መልካም ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶግራፍ ቀና ብዬ አየሁ።

«ተው ልጄ» አልኩት። «ምንም ሳይጻፍባት ትምጣ።»