ቦራን የሰፋሁበት ቃጫ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ጾም ሻርኩ፣ ሰው አማሁ እያልኩ ትናንሾቹን ስዘረዝር ይህቺን እየዘለልኩ ኖሬአለሁ። ለአንተ ለአንባቢው የምነግርህ ፊትህን ስለማላየው ነው።

የከብት ሐኪም ነኝ። ያኔ ከአንኮበር በታች ባለች ቀበሌ እየሠራሁ፣ ደብረ ብርሃን እየተመላለስኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ፣ ከውጭ የሚመጣውን የቁስል መስፊያ ክር በቃጫ መተካት ይቻል እንደሆነ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ቃጫውን አበጥሬ፣ አቅጥኜ ገምጄ፣ በደንብ ቀቅዬ በጎች ሰፍቼበታለሁ፤ ቁስላቸውም ድኗል። ክፉው እኔ ነበርኩ።

እትዬ ዘነበች የሚባሉ ባልቴት አንዲት ላም ነበረቻቸው፤ ግንባሯ ነጭ ስለሆነ ቦራ ይሏታል። በሬ ወግቷት ጎኗ ተተርትሮ አስጠሩኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ያልተከፈተ የናይሎን ክር ነበር። እኔ ግን ጽሑፌ ውስጥ ላም እንድትገባልኝ ፈለግሁ።

«ክር አልቋል፤ ያለኝ ይሄ ነው» አልኳቸው። ዋሸሁ። ያውም የያዝኩት ቃጫ ገና ያልተቀቀለ ነበር። ለምን አልቀቀልኩትም? ምድጃቸው እኮ እዚያው ይነድ ነበር። መኪና እንዳያመልጠኝ ብዬ አልኮል ነከር አድርጌ ሰፋኋት።

በአምስተኛው ቀን ስመለስ ጎኗ አብጦ፣ መግል ቋጥሮ ይሸት ነበር።

«ልጄ፣ በማርያም ክሩን አውጣላት። ስታቃስት ነው የምታድር» አሉኝ።

አላወጣሁም። ቃጫው አስር ቀን መቆየቱን መመዝገብ ነበረብኝ። ላሟ ስትንቀጠቀጥ አየሁ፣ ጻፍኩ፣ ሄድኩ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው ለእኔ ነው።

በስምንተኛው ቀን ሞተች። ጥፋቱ ወደ እኔ እንዳይመጣ ቀድሜ ጮህኩ፤ «ምን አድርገውባት ነው?»

«ምንም... ጠበል ብቻ ነው የረጨሁባት» አሉ።

የምፈልገውን አገኘሁ። «እንግዲያው እርስዎ ነዎት የገደሏት» አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት። ጠበሉ እንዳልገደላት እያወቅሁ፣ ጥጃዋ አጠገባችን እየጮኸች አልኩት። ጽሑፌም ላይ «በባለቤቷ የጥንቃቄ ጉድለት» ብዬ አሰፈርኩ። በዚያው ተመረቅሁ፤ እልል ተባለልኝ።

አምና በዚያ ሳልፍ እትዬ ዘነበችን ደጃቸው ላይ አገኘኋቸው። ጥጃዋን ለጎረቤት ሰጥተዋል። ከዚያ ወዲያ ከብት ነክተው አያውቁም፤ ጠበልም ቀድተው አያውቁም፤ «እጄ መርዝ ነው» ይላሉ። ሲያዩኝ በምርኩዛቸው ተደግፈው እንደምንም ተነሡ።

«ልጄ፣ ይቅር በለኝ። ያን ቀን ልፋትህን ገደል ከተትኩብህ» አሉኝ።

እውነቱን መናገሪያዬ ያች ሰዓት አልነበረችም? እኔ ግን ምን አልኩ?

«ይቅር ለእግዜር» አልኳቸው።

አንተ ግን እንዲህ ብለህ እንዳታሰናብተኝ።