ለቅሶ ላይ ያወጣሁት ኮምፒውተር

የጋለ አቧራ ሽታ ነው። በቀደም አራዳ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ ከአንድ ኮምፒውተር ጀርባ ወጣና አፍንጫዬን ሞላው። ወረቀቴን ሳላባዛ ወጣሁ። የወንድሜ ሸሚዝ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

ታላቅ ወንድሜ ጎንደር ተምሮ ወደ ከተማችን ወደ ትክል ድንጋይ ሲመለስ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርሁ። የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተሮች ከጤና ጣቢያው ጋር አገናኛለሁ ብሎ ተነሣ። በከተማችን እንዲህ ያለ ነገር ያሰበ ሰው አልነበረም። በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ሰማያዊ ገመድ ሲዘረጋ ከረመ። ጎረቤታችን ሽማግሌ ከሥር ቆመው ያሾፉበት ነበር።

"ምነው፣ የማን ልብስ ሊሰጣበት ነው?"

"የርስዎ ጋቢ ነዋ፣ አያ። መጀመሪያ ይታጠብ እንጂ።"

ከዚያ መሥመሩ ሠራ። ነርሷ ክትባቱ መግባቱን ስትጽፍ መምህራን ክፍል ይነበባል፤ ተማሪዎችም ማታ ለየቤታቸው ይናገራሉ። ቀድሞ እናቶች ሕፃን አዝለው ግማሽ ቀን ተጉዘው "አልመጣም" ተብለው ይመለሱ ነበር። ያ ቀረ። መልእክቱ ሁሉ የሚያልፈው በትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ባለ አንድ ኮምፒውተር በኩል ነበር። ድንገት ከተነቀለ እንደሚበላሽ ወንድሜ ነግሮኛል። አልነገረኝም ማለት አልችልም።

ንፋስ የጣለውን ገመድ ሊያስር ወጥቶ ከምሰሶው ወደቀ። በማግሥቱ ቀበርነው።

በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ዕቃ ይወጣል። ጠመንጃው፣ በቅሎው፣ የክት ልብሱ። ሰው እሱን እያየ ያለቅሳል፤ ዕቃው ስለ ባለቤቱ ይመሰክራል።

"የዚህ ልጅ ምኑ ይውጣለት?" አለ አጎቴ።

"ሸሚዝ አለው" አለ አንድ ሰው።

ሸሚዝ። ያን ሁሉ ሠርቶ ሸሚዝ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከልብሱ ኪስ አውጥቼ ሮጥሁ። ኮምፒውተሩ እንደበራ ነበር፤ ነቀልሁት፣ ተሸክሜው መጣሁ። ከድንኳኑ ፊት በርጩማ ላይ አስቀመጥሁት። አልቃሿ ትንሽ አየችው፤ ከዚያ ድምፅዋን አነሣች።

"አገሩን በሙሉ ያያያዝህ በክር፣
ምነው ሄድህ ዛሬ ቃል ሳትናገር?"

ያሾፉበት የነበሩት ሽማግሌ ሳይቀሩ ደረታቸውን መቱ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ። ካፊያ ጣለበት፤ ማንም ልብ አላለም፤ እኔም አላልሁም።

በሦስተኛው ቀን ከርእሰ መምህሩ ጋር መልሰን ሰካነው። አልበራም። ደጋግመን ሞከርን። በውስጡ ያለውን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

"ምነው ልጄ፣ ብትጠይቀኝ" አለ ርእሰ መምህሩ። ለሰውም አልነገረብኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እናቶች እንደገና ሕፃን አዝለው መመላለስ ጀመሩ። መንገድ ላይ ሳገኛቸው ፊቴን አዞር ነበር።

አምና ለከተማችን አዲስ ኔትወርክ ገባ። ድንኳን ተተከለ፤ እናቴም ነጠላዋን አጣፍታ መጣች፤ ከኋላ ተቀመጥን። ከሩቅ የመጣው እንግዳ ማይክራፎን ይዞ "እዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነው" አለ። ርእሰ መምህሩ ከፊት ረድፍ ዞሮ አየኝ። መነሣት ነበረብኝ። "ወንድሜ ቀድሟችሁ ሠርቶ ነበር" ብል ግን "ታዲያ የት አለ?" ይሉኛል። ፊቴን አዞርሁ። እንግዳው ንግግሩን ጨረሰ፤ ሰው አጨበጨበ።

ድምፅ ማጉያው ይንኮሻኮሽ ስለነበር እናቴ አልሰማችም። ክንዴን ያዘችኝ።

"ምን አለ? ስሙን አነሣው?"

"አነሣው፣ እማ።"

ሰው ሁሉ ማጨብጨቡን ትቶ መነሣት ጀምሯል። እናቴ ብቻዋን ታጨበጭብ ጀመር።