የሳሙይ ሽማግሌዎች

ሆላንድ ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዕረፍት ስወጣ የማውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ወይ አዲስ አበባ ሄዶ ዘመድ መጠየቅ፣ ወይ ቤት ተቀምጦ ግድግዳ መቀባት። ስለዚህ ልጄ ሜሮን አንድ ቀን ከሥራ መጥታ "ማማ፣ ታይላንድ እንሄዳለን፤ ቲኬት ቆርጫለሁ" ስትለኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው "ማን ሞተ?" የሚል ነው።

ሜሮን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሮተርዳም በነርስነት ትሠራለች። ዘ ሄግ፣ ላክ በሚባል ሰፈር፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነው ያሳደግኳት። እኔ ደግሞ ስኬቨኒንገን ባሕር ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ፣ እንግዳ በእግሩ ይዞት የገባውን አሸዋ ስጠርግ ነው የኖርኩት። "አሸዋ ለማየት አሥራ አንድ ሰዓት ልበር? አሸዋማ በትራም ሩብ ሰዓት ነው" አልኳት። "ባሕር ዳሩን ተዪው። ደሴቱን እንየው፣ ሰዉን እንየው" አለችኝ። በዚህ ተስማማን።

ምክንያቱ ግን ሌላ እንደነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። ሜሮን ዮናታን የሚባል ልጅ ትወዳለች። ሮተርዳም ያደገ፣ ሥርዓት ያለው፣ እናቱን የሚያከብር ልጅ ነው፤ አልዋሽም። ነገር ግን ቤተሰቡ በሙሉ ጴንጤ ነው። እኛ ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ኦርቶዶክስ ነን። እናቱ ሦስት ሽማግሌዎች ላከችብኝ። በወጉ ቆመው በወጉ ጠየቁ። (ሜሮን ትልቁን ሽማግሌ ጋሽ ተሰማን "አንተ ሻይ ትጠጣለህ?" ብላ አፈር አስበላችኝ፤ እዚህ ያደገ ልጅ "እርስዎ" አይወጣለትም።) እኔም "እንመካከርበት፤ ሌላ ቀን ተመለሱ" ብዬ ሸኘኋቸው። ይህ ወግ ነው፤ በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል የሴት ቤተሰብ የለም። ሁለተኛ ሲመጡም ያንኑ ደገምኩላቸው። የሁለተኛው ግን ወግ አልነበረም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ከወጉ ጀርባ ተደብቄ እምቢ ማለቴ ነበር። ሽማግሌዎቹ "ከፍልሰታ በኋላ እንመለሳለን" ብለው ሄዱ። ሜሮን ቲኬቱን የቆረጠችው በማግስቱ ነው።

ከስኪፕሆል እስከ ሳሙይ

ልጅቷ ያየችው የነርሶችን የዕረፍት ፕሮግራም እንጂ የእኛን ካላንደር አይደለም። ቀኑን ስቆጥረው ጉዞው ፍልሰታ ጾም መሃል ላይ ዋለ። ቲኬቱ ደግሞ ገንዘቡ የማይመለስ ነው። የንስሐ አባቴ ጋ ደወልኩ። "መንገደኛ ነሽ፤ ሰዓቱ ይቅርብሽ፣ ምግቡን ብቻ ጠብቂ" አሉኝ። እኔ በጾም ዓሣም ከማይበሉት ወገን ነኝ። ዓሣ ከሚበላበት ደሴት ዓሣ ሳልቀምስ ልመለስ ነው ማለት ነው።

ከስኪፕሆል ባንኮክ፣ ከባንኮክ በትንሽ አውሮፕላን አንድ ሰዓት በረን ኮ ሳሙይ ደረስን። የአውሮፕላን ማረፊያው ግድግዳ የለውም። ጣሪያው ሣር ነው፤ ሻንጣችንን ጎጆ ውስጥ ቆመን ተቀበልን። አየሩ እንደ ተከደነ ድስት ያፍናል። ማደሪያችን ከባሕሩ ራቅ ብሎ፣ ገበያ አጠገብ ያለ ባለ አምስት ክፍል ቤት ነው፤ ለአንድ ሌሊት ዘጠኝ መቶ ባት፣ ሃያ አራት ዩሮ ገደማ። ባለቤቲቱ ፒ ኖይ ይባላሉ። "ፒ" ማለት እንደኛ "እትዬ" ማለት ነው፤ ታላቅን በባዶ ስሙ መጥራት እዚያም ነውር ነው። ወዲያው ወደድኳቸው።

የምግቡ ነገር ግን አስጨነቀን። ሥጋ የሌለበት ሲባል ዓሣ አለው፤ ዓሣ የሌለበት ሲባል የዓሣ መረቅ ጠብ ተደርጎበታል። ሜሮን ስልኳ ላይ በታይኛ አስተርጉማ ለፒ ኖይ አሳየቻቸው። አንብበው ሲጨርሱ ፊታቸው በራ። "ጄ" አሉና እጄን ይዘው ወደ ገበያ ወሰዱኝ። ቢጫ ባንዲራ የተሰቀለበት አንድ ድስት ፊት አቁመው ደግመው "ጄ" አሉኝ። ለካ እነሱም የጾም ምግብ አላቸው፤ ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ከእኛም የባሱ ጿሚዎች ናቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፒ ኖይ ጠዋት ጠዋት ራሳቸው ይሠሩልኝ ነበር። ዱባ በኮኮናት ወተት፣ እንጉዳይ፣ ሩዝ። ለዓሣ የሚጠቀሙበትን ድስት ትተው ሌላ አወጡ። ሜሮን ተጨማሪ ልትከፍል ስትል እጃቸውን አራገቡ። በስልኩ በኩል "እናቴ ካረፈች ጀምሮ በወር ሁለት ቀን ለእሷ ብዬ ጄ እሆናለሁ። የእናትሽን ጾም ማበላሸት አልፈልግም" አሉን። እኔም በአማርኛ "ነፍስ ይማር፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው። ትርጉም አላስፈለገውም።

በውይይት ላይ

በሁለተኛው ቀን ፒ ኖይ ሾፌር አገናኙን። መኪናው ከኋላው ሁለት አግዳሚ ፊት ለፊት የተተከለበት፣ ጣሪያ የለበሰ ፒካፕ ነው። የድሮውን የአዲስ አበባ ውይይት ታክሲ የሚያውቅ ሰው ምንም አይጠፋውም። ቀኑን ሙሉ ከነነዳጁ ሁለት ሺህ ባት ተስማማን። ሾፌሩ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ሉንግ ቻይ ይባላሉ። "ሉንግ" አጎት ነው። ቻይ ደግሞ በእኛ ቋንቋ ምን እንደሆነ ለሜሮን ነገርኳት፤ ሰውየውም እንደ ስማቸው ናቸው። ዳገቱ ላይ ሞተር ብስክሌት ሁሉ ሲቀድመን አንዴም ጥሩንባ አልነኩም።

መጀመሪያ የኮኮናት እርሻ ወሰዱን። አንድ ጎልማሳ መሬት ላይ በተተከለ ስለታም ብረት ኮኮናቱን እየወጋ በሦስት ምት ይልጠዋል፤ አንዱን በአርባ ባት ጠጣን። ከዚያ ፏፏቴ። ደረጃው የዛፍ ሥር ነው፤ አልጋ ሲያነጥፍ የኖረ ጉልበቴ ሊከዳኝ ሲል ሜሮን እጄን ያዘች፣ እላይ እስክንደርስም አልለቀቀችኝም። እጄን ከያዘችኝ ስንት ዓመቷ። ቀጥሎ አንድ ቤተ መቅደስ ገባን፤ ጫማ ይወልቃል። ሜሮን ቁምጣ ለብሳ ስለነበር በር ላይ ያሉት ሴትዮ ምንም ሳይቆጡ ወገቧ ላይ ጨርቅ አሸረጡላት። ስንት ዓመት ሙሉ "ቁምጣ ለብሰሽ ደጀ ሰላም አትግቢ" ስላት የኖርኩትን ሴትዮዋ በአንድ ጨርቅ ጨረሱት።

"ማማ፣ የሚቀጥለው ቦታ ትንሽ ያሳፍራል" አለችኝ መኪናው ውስጥ።

ወደ ቦታው የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ጣፋጭ በሚሸጡ ሴቶች ተሞልቷል። ከኮኮናት ወተት፣ ከስኳርና ከሩዝ ሲማሰል የሚውል፣ ጥቁርና ተጣባቂ ነገር ነው። በማውቃት አንዲት ቃል "ጄ?" ብዬ ጠየቅኩ። "ጄ፣ ጄ" አሉኝ። ሦስት ጥቅል ገዛሁ፣ እያንዳንዱ ሃምሳ ባት።

ከዚያ ባሕሩ ዳር ወጣንና ድንጋዮቹን አየሁ። አንደኛው ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያያል። ምን እንደሚመስል አልጽፍም፤ ይህን የንስሐ አባቴ ሊያነቡት ይችላሉ። ሁለተኛው ዝቅ ብሎ ተሰንጥቋል፣ ማዕበሉ እየገባ ይወጣል። የእሱንም አልጽፍም። የአገሬው ሰው "አያትዬው" እና "አያትዬዋ" ይላቸዋል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ መስከረም ደግሞ ቀርቦ ነበር። በነጠላዬ ፊቴን ሸፍኜ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ሜሮንም ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትንፈራፈራለች። ሽማግሌዎቹን ከመለስኩ ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው።

ሉንግ ቻይ ሳቃችንን ታግሠው ጠበቁና ታሪኩን ለስልኩ ነገሩት። ሜሮን ታነባለች፣ ወደ አማርኛ ትመልሳለች፣ ቃል ይጎድላታል።

"ድሮ አንድ ሽማግሌና አሮጊት ነበሩ። ልጃቸው ለአቅመ... አድጎ ነበር። በጀልባ ተሻግረው ሊሄዱ... ማማ፣ 'ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን' ለማለት የሚሄዱት ምን ይባላሉ?"

"ሽማግሌ" አልኩ።

"አዎ፣ ሽማግሌ ሆነው ሄዱ። መንገድ ላይ ማዕበል ተነሣ፣ ጀልባው ተገለበጠ። ሁለቱም ሞተው እዚህ ድንጋይ ሆኑ።"

"ለምን ድንጋይ ሆኑ በያቸው።"

ጠየቀቻቸው። ሉንግ ቻይ በእጃቸው ወደ ባሕሩ እያሳዩ ቀስ ብለው መለሱ። ሜሮን አንብባ ወደ እኔ ዞረች።

"የልጅቷ ቤተሰብ እንዲያውቁ ነው ይላል። ያልደረሱት ንቀዋቸው እንዳልሆነ። ከልባቸው መጥተው እንደነበር።"

አንጀቴን በላው። ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። ጋሽ ተሰማ ትዝ አሉኝ፤ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት፣ ሁለት ጊዜ አራት ፎቅ ወጥተው ሁለት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ወርደዋል።

"ማማ፣" አለች ሜሮን፣ "'ሌላ ቀን ተመለሱ' ስትያቸው ያ ነው ወይስ ኔይ?" በደች አዎ ወይስ አይደለም ማለቷ ነው። "እኔ መጀመሪያ አዎ መስሎኝ ለዮናታን ነገርኩት። ሁለተኛው ቀን እናቱ አለቀሰች። ሦስተኛ ከመለስሻቸው እነዚያን ሰዎች አራተኛ አላስቸግርም። ኸሜንተ ሄደን ማዘጋጃ ቤት እንፈራረማለን። ግን አንቺ ሳትመርቂኝ እንዲሆን አልፈልግም።"

እዚያ ላይ መዋሸት አልቻልኩም። "ሃይማኖቱ አንድ ነገር ነው፤ አይደለም አልልም" አልኳት። "ዋናው ግን ፈርቼ ነው። እሁድ ብቻዬን ቅዳሴ ስሄድ ይታየኛል። ቤቴ እንደ እንግዳ ደውለሽ ስትመጪ ይታየኛል።"

"ማማ፣ ሮተርዳም እኮ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም" አለች፣ እያለቀሰች። እኔም እያለቀስኩ ሳቄ መጣ። ሉንግ ቻይ አንድም ቃል ሳይገባቸው ሁለት ጠርሙስ ውሃ ከፍተው ሰጡን፤ ራቅ ብለውም ጀርባቸውን አዞሩልን።

የመጨረሻ ቀኖች

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ቆየን። ወደብ ያለበትን ከተማ ገበያ አየን፤ ለሥራ ባልደረቦቼ ትንንሽ ሳሙናዎች ገዛሁ። ባሕር ውስጥ እግሬን እንኳ አልነከርኩም፤ አልቆጨኝም። የሚከነክነኝ ሌላ ነበር። ፒ ኖይ የእኔን ቤተ ክርስቲያን ስም እንኳ አያውቁም፤ ለጾሜ ግን ድስት ለይተዋል። እኔ ደግሞ በአንድ ክርስቶስ ስም የሚምሉ ሰዎችን ሁለት ጊዜ ከቤቴ መልሻለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ለራሴ ነው ያልኩት፣ አፈርኩም።

የመሄጃችን ጠዋት ፒ ኖይ ለመንገድ የሚሆን ሩዝ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። መዳፋቸውን ገጥመው ጎንበስ አሉ። እኔ ግን አቅፌ ሦስት ጊዜ ሳምኳቸው። ግር ቢላቸውም ፈቀዱልኝ።

ዘ ሄግ

ስኪፕሆል ስንወርድ ዝናብ ነው፤ በሆላንድ ነሐሴ በጋ መሆኑን የሚያውቅ የለም። ባቡሩ ላይ ለሜሮን "ሽማግሌዎቹ ይምጡ በያቸው" አልኳት፤ ከዚያ በላይ አልጨመርኩም፣ እሷም አልጠየቀችኝም። ጉዞው ምን አስተማረሽ ብትሉኝ፣ ሰው ደጅህ ድረስ ሲመጣ ምን ያህል መንገድ እንደሆነ አስተማረኝ። ለዚህ ልጄን አመሰግናታለሁ። ፒ ኖይንና ሉንግ ቻይን እግዚአብሔር ይባርካቸው።

ጾሙ ተፈትቶ የመጀመሪያው እሁድ ከሰዓት በኋላ በመስኮት ስመለከት ትራሙ ቆመ። ጋሽ ተሰማ መጀመሪያ ከዘራቸውን፣ ቀጥሎ እግራቸውን አወረዱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጃንጥላ ይዘውላቸዋል። የእኛን ሕንፃ ቀና ብለው አይተው በረጅሙ ሲተነፍሱ አየኋቸው። አላስቻለኝም። በነጠላ ጫማ ደረጃውን ሮጬ ወረድኩ።

"ጋሽ ተሰማ፣ ሰጥቻለሁ" አልኳቸው፣ ሰላምታም ሳላስቀድም።

ቆም አሉ። "ወይዘሮ ብርሃኔ፣ እዚህ? መንገድ ላይ?"

"እዚሁ። ደረጃው ብዙ ነው፤ መልሱን ሳያውቁ እንዳይወጡት ብዬ ነው።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ፈገግ አሉ። ጋሽ ተሰማ ግን ቅር አላቸው። "ከሮተርዳም ጀምሮ ባቡር ላይ ንግግር ሳጠና ነው የመጣሁት። ጥቅስም አለበት።"

"ይውጡና ይናገሩት፤ እንዳልሰማሁ ሆኜ እሰማለሁ" አልኳቸው።

ወጡ። በየፎቁ እያረፉ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ። ቤት ገብተውም በወጉ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ሜሮን ኩሽና በር ላይ ተደግፋለች፤ መንገድ ላይ ያልኩትን አልሰማችም። ጋሽ ተሰማ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ንግግራቸውን ከሀ እስከ ፐ አወረዱት፤ ረጅም ነበር፣ ጥሩም ነበር። ሲጨርሱ "እንግዲህ ምን ይሉናል?" ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው እውነት ፈርቷል፣ ታች የነገርኳቸውን ረስተውታል።

"ልጄ ልጃችሁ ናት" አልኳቸው። "አሁን ይቀመጡልኝ።"