ሳሙና ከወጥ ቤት የታገደችበት ቀን

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምግብ በምታበስልበት መዋዕለ ሕፃናት ከዘበኛው እስከ ርዕሰ መምህሯ ሁሉም «ሳሙና» ነው የሚላት። ወጥ ቤቷ ደጃፍ የደረሰ ሰው ከሰላምታ በፊት «እጅ ታጥቧል?» ይባላላ! ርዕሰ መምህሯ ራሷ አንድ ቀን ድስት ከፍታ ልትቀምስ ብላ ማንኪያዋን ተቀምታ ወጥታለች። ሆዷን ያመማት ረዳት ደግሞ ብታለቅስም ብትምልም አትገባም። «ተቅማጡ ከቆመ ሁለት ቀን ሳይሞላሽ ድርሽ እንዳትዪ» ትባላለች።

እንግዲህ ይህቺው ሴት ናት፣ ልጇ በምትመጣበት ቀን ማለዳ ሆዷን ይዛ ወደ መጸዳጃ ቤት ደጋግማ የተመላለሰችው።

ልጅቱ የጭነት መኪና ሾፌር ናት። ወራት መንገድ ላይ ከርማ ለአንድ ቀን ብቻ ትመጣለች፤ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ትነሳለች። እናት ሆዬ ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ዶሮው ተገዝቶ፣ ውሃው ሌላ ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ በጎድጓዳ ሳህን ፍሪጁ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ልጇን በገዛ እጇ ሠርታ ማብላት ነበር ምኞቷ።

«በደንብ ታጥበሽ ግቢ እንጂ፤ አንቺ ራስሽ ሳሙና አይደለሽ እንዴ!» አላት ባሏ።

«ተወኝ እባክህ! ነገ ያንን የሚያህል መኪና ይዛ ጭው ያለ መንገድ ላይ ሆዷን ቢቆርጣት ማን ይደርስላታል?»

«ማን ያያል ብዬ ነው።»

«እኔ ራሴ አያለሁ!»

እሱ ይሥራ እንዳይባል፣ እንኳን ዶሮ ሻይም አሳርሮ ያውቃል። ስለዚህ ልጅቱ ስትገባ እናቷን ከወጥ ቤቱ በር ውጭ ወንበር ላይ ተጎልታ፣ ከመድኃኒት ቤት የመጣላትን የተቅማጥ ዱቄት በጥብጣ ስትጎነጭ አገኘቻት። ልታቅፋት ብትጠጋ «ራቂ፣ ራቂ!» አለቻት። እናትየውን እንባ እንባ አላት።

«ዛሬ አብሳይዋ አንቺ ነሽ።»

«እኔ? እማዬ፣ እኔ እኮ የማውቀው ሞተር መፍታት ነው!»

«ዶሮም ያው መፈታታት ነው። እጅሽን ታጠቢ።»

ከዚያ ወዲያ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ልጅቱ ዶሮውን ቧንቧ ሥር ልታለቀልቅ ስትል፦

«አታጥቢው! ፍንጣሪው ወጥ ቤቱን ሁሉ ያዳርሰዋል። ጀርሙን የሚገድለው እሳት ነው!»

«ሰው ሁሉ ያጥባል እኮ!»

«ሰው ሁሉ ሆዱን ይታመማል እኮ!»

ዶሮ በቆረጠችበት ቢላዋ ሰላጣ ልትከትፍ ስትል ደግሞ እናት ከወንበሯ ብድግ ብላ ደፉ ላይ ራሷን ገታች። «ሌላ ቢላዋ! ሌላ መክተፊያ! እጅሽንም እንደገና!» ዶሮው ከላይ ሲጠበስ «ደረሰ» ብትል፣ ጭኑን እስከ አጥንቱ አስወጋቻት። ውስጡ ገና ቀላ ያለ ነበር። ተመልሶ እሳት ላይ ተጣደ። አባት ጥግ ይዞ ሆዱን እስኪያመው ይስቃል።

በመጨረሻ አባትና ልጅ ለምሳ ቀረቡ። እናት እዚያው ወንበሯ ላይ ሆና ፊታቸውን ታነባለች።

«ጨው በዝቷል አይደል?»

«ኧረ ባሕር ነው» አለ ባሏ፣ ውሃውን ጭልጥ አድርጎ።

ይኼኔ አልቻለችም፤ አለቀሰች። «አንድ ቀን ብትመጪ፣ በእጄ ሠርቼ ሳላበላሽ ልትሄጂ ነው።»

ልጅቱ አጥንቱን አስቀመጠች። «እማዬ፣ ልጅ ሆኜ አንቺ የሰው ልጆች ስታበዪ እኔ ጎረቤት ነበር የምበላው። ሙያሽን የሰማሁት ከሰው ነው። ምግብ ሲሠራ አብረሽኝ ስትውዪ ዛሬ የመጀመሪያሽ ነው፤ ደስ ብሎኛል።»

እናት እንባዋን ጠርጋ «የተረፈውን ሳይቆይ ፍሪጅ አግቢው» አለች።

ልጅቱ አስገባችው። ከዚያ እጇን ታጥባ፣ ከበሩ ወዲያ ቆማ ጠየቀቻት።

«ለእራትስ ምን እንሥራ?»