የእናቴ ዘር አልተረገመም

ወገኖቼ፣ ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው፤ እንዳትከለክሉኝ። ቆሜ ግን አይደለም፣ ተቀምጬ ነው። "ሲፈወስ ይመስክር" ያላችሁ አላችሁ፤ ሰምቻለሁ። እኔ አልጠብቅም! ጌታ ይባረክ! ሃሌ ሉያ በሉ እንጂ! ቀስ ብላችሁ ግን፣ ጎረቤት አለ።

እዚህ በሰው አገር፣ ዋሄን በሚባለው ገበያ ተሸካሚ ነበርኩ። ስኳር በማዳበሪያ ተሸክሜ ስሮጥ የምታውቁኝ አላችሁ። ከዚያ ጭኔ ከዳኝ። ከተቀመጥኩበት ለመነሳት ጉልበቴን በእጄ መግፋት ጀመርኩ። ታላቅ ወንድሜም አገር ቤት እንዲሁ ጀምሮት ነው የሞተው። አጎቴ፣ የአባቴ ወንድም፣ ደውሎ ምን አለኝ መሰላችሁ? "የእናትህ ዘር የተረገመ ነው፤ እግዜር ፈርዶባችኋል።" አመንኩት! እንዲህ የሚፈርድ አምላክ ይቅርብኝ አልኩ። የሚጸልይ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላ ነበር።

በኋላ አንዲት ሐኪም አገኘሁ። የዚሁ ከተማ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ስለተማረች አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው። ደሜን ወደ ውጭ ልካ፣ ውጤቱ ሲመጣ ጠራችኝ።

"ከእናት የሚወረስ የጡንቻ በሽታ ነው" አለችኝ። "ዘረመልህ ውስጥ የተበላሸው ቦታ ታውቋል። ያንን ቦታ ለይተው ለማረም ውጭ አገር እየሞከሩ ነው። ገና ነው፤ ላንተ ይደርሳል ብዬ አልዋሽህም። ኢንሻአላህ፣ ከአንተ በኋላ ላሉት ይደርሳል።"

"እርግማኑስ?" አልኳት።

"የምን እርግማን? እናትህ ምን አጠፋች?" ብላ ተቆጣችኝ።

ወገኖቼ፣ እዚያው አለቀስኩ። እናቴ ምንም አላጠፋችም! ያን ሁሉ ዘመን የጠላሁት አጎቴ የነገረኝን አምላክ ነበር ለካ፤ እውነተኛውንማ መች አውቄው! በዚያው ሳምንት እዚህ ቤት መጥቼ "ጌታ ሆይ፣ ተቀበለኝ" አልኩት። ተቀበለኝ! ክብር ለስሙ ይሁን!

እግሬ አልዳነም፤ እንዲያውም ብሶበታል። "ሐኪም መጠበቅ እምነት ማነስ ነው" የምትሉኝ፣ ጥበቡን የሰጣቸው ማን ሆነና ነው? እጸልያለሁ፤ ቀጠሮዬንም አልቀርም። ጌታ ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬ ባያደርገውም ከእሱ ወዴትም አልሄድም! እናንተም ቤታችሁ የደበቃችሁት በሽተኛ ካለ አውጡት። ጌታ አያፍርበትም።

የእናቴ ልጅ፣ እህቴ ጥሩ፣ አንቺንም ነው። ልጅሽም እንደ እኔ እግሩ እየከዳው መውደቅ ጀምሯል፤ አይቻለሁ። አጎታችንን ፈርተሽ ከሰው ደብቀሽዋል። አታልቅሺ እቴ፣ ስሚኝ። ለእኔ ያልደረሰው ለእሱ ሊደርስ ይችላል፤ ቤት ከተዘጋበት ግን ማን ያገኘዋል? ጌታን ታመኚና ልጁን አምጪው። ሰኞ ጠዋት ሐኪሟ ጋ አብረን እንወስደዋለን። አጎታችን ከተቆጣ፣ በእኔ ይቆጣ።